ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለልጃችሁ አዲስ ስልክ ከቨር ስትመርጡ



ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞንና ከፈረንጆቹ ገና በኋላ በየክፍላችን አዳዲስ ስልኮች ይበዛሉ። አንዳንዱ ገና ከካርቶኑ የወጣ ነው። አንዳንዱ የአባት ወይም የታላቅ እህት የነበረ፣ ለልጁ ግን አዲስ የሆነ ነው። ልጅ ስልክ የሚገዛለት በስንት ዓመቱ ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሳም፤ እሱን እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙና እንደ ልጁ ጠባይ ይወስነዋል። የምንጽፈው ስልኩ ከተገዛ በኋላ ስለምትመጣው ትንሽ ውሳኔ፣ ማለትም ስለ ከቨሩ ነው። ልጆቻችን «ኬዝ» የሚሉት ነገር ማለታችን ነው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንናገር። መስፈርቱን ወላጅ ያውጣ፤ በመስፈርቱ ውስጥ ካሉት ግን ከቨሩን ልጁ ራሱ ይምረጥ። ይህም የሚሆነው ስልኩ ከቤት ወጥቶ አንዴ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ በኋላ ጥሩ ከቨር መፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ይህን የምንለው በየቤቱ ሁለት ዓይነት አገዛዝ ስለምናይ ነው። በአንደኛው ቤት አባት ወይም እናት ብቻቸውን ሄደው ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙን፣ ጥቁሩንና ከባዱን ይገዛሉ። ልጁ እቤት ውስጥ እሺ ይላል። ከመኪና ወርዶ በሩን ሲዘጋ ግን ከቨሩን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፤ ጓደኞቹ ፊት ያሳፍረዋላ! ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ከቨር ደግሞ ምንም አይጠብቅም። በሁለተኛው ቤት ልጁ ብቻውን ኢንተርኔት ላይ ያያትን ስስ፣ ብልጭልጭ ያለባት፣ የስልኩን ቀለም የምታሳይ ከቨር ያዝዛል፤ ወላጅም ዋጋዋን ብቻ አይቶ ይከፍላል። ይቺኛዋ ከስልኩ ላይ አትወልቅም፤ ግን ስልኩ ሲወድቅ አብራው ትሰነጠቃለች። የሁለቱም ቤት መጨረሻ ያው የጥገና ሱቅ ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል? ስልኩን የገዛው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ስለምናውቅ ነው። ከመካከላችሁ ሌሊት ሆስፒታል የምታድሩ፣ ከኤርፖርቱ ሰው የምታመላልሱ፣ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ብዙ ናችሁ። እስቲ በሰዓት እናስላው። በ2025 በዴንቨር ከተማ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 18.81 ዶላር ነበር። የአዳዲሶቹን ስልኮች ስክሪን ያለ ኢንሹራንስ በአምራቹ ዘንድ ማስቀየር ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣል። ይህ ማለት በዚያ ክፍያ ለሚሠራ ሰው ታክስ ሳይነካው ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። 25 ዶላር የሚያወጣ ደህና ከቨር ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ እንኳን አይሞላም። ልጁ ይህን ስሌት ቢሰማ ጥሩ ነው። ተቆጥታችሁ ሳይሆን አብራችሁ እያሰላችሁ፣ በአማርኛ ንገሩት።

ዕቃን በልኩ ሸፍኖ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። ለጎራዴው አፎት ነበረን። ለመንገድ ስንቅ አገልግል ነበረን፤ በስፌት የተሠራ፣ ከውጭ ቆዳ የለበሰ፣ በቅሎ ላይ ቢንገላታም ምግቡን የማያፈስ። ለመጽሐፉ ደግሞ ማኅደር ነበረን። የብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታው በቆዳ ይለበጣል፤ ያ አልበቃ ብሎ በልኩ የተሰፋ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም ማንገቻ ስላለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም በትከሻ ይነገታል። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ስንት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ብራና እንደሚሆን፣ ጸሐፊው ስንት ወር እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ያለ ማኅደር መንገድ አያወጣውም። ለዚህም ነው የብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍት እስከ ዛሬ የቆዩልን። የማኅደሩ ትምህርት ሁለት ነው፦ ሽፋኑ የሚሠራው በዕቃው ልክ ነው፤ የሚታሰበውም ዕቃው የሚሄድበት መንገድ ነው።

ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ ይታወቃል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ደረጃ፣ የሎውሪ የእግረኛ መንገድ ሲሚንቶ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ያሉት የገበያ አዳራሾች ፓርኪንግ፣ የእግር ኳስ ሜዳ ዳር፣ በክረምት በረዶ የጋገረው የቤት በር። ስልክ በነዚህ ቦታዎች ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በማዕዘኑ ሲያርፍ ነው። ምክንያቱም ጉልበቱ ሁሉ አንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ መስተዋት ደግሞ መታጠፍ አይችልም። ጥሩ ከቨር የሚሠራው ፍራሽ ላይ እንደ መውደቅ ነው፤ ጎማው እየተጨመቀ ምቱን በጊዜም በቦታም ያከፋፍለዋል።

እንግዲህ ወላጅ ያውጣቸው የምንላቸው መስፈርቶች አራት ናቸው።

አንደኛው ጠርዙ ነው። ስልኩን ከቨሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ድፉት። ስክሪኑ ጠረጴዛውን ከነካ ያ ከቨር አይረባም። ዙሪያው ያለው ጠርዝ ከስክሪኑ ከፍ ብሎ በዓይን የሚታይ ክፍተት ሊተው ይገባል። በጀርባውም እንዲሁ፤ የካሜራው መስተዋት ከጠረጴዛው መራቅ አለበት። አራቱን ማዕዘኖች በጣታችሁ ጫን ጫን በሉ፤ ደነደን ያሉና ትንሽ የሚመለሱ መሆን አለባቸው። ጥሩ ከሚባሉት ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ነገር ያጣመሩ ናቸው፦ ውስጡ እንደ ጎማ ልስልስ ያለ፣ ጀርባው ጠንካራ ፕላስቲክ። ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ብቻውን ጭረት ይከለክላል እንጂ ምቱን ወደ ስልኩ ያሳልፋል።

ሁለተኛው አያያዙ ነው። ከመውደቅ የሚያድን ከቨር ከወደቀ በኋላ ከሚያድን ይበልጣል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፣ በተለይ በክረምት፤ የደረቀ እጅ ደግሞ ለስላሳ ነገር ላይ ያዳልጣል። ስለዚህ ጎንና ጎኑ ሻከር ያለ፣ መስመር መስመር ያለው ይሻላል። ይህን ማወቅ የሚቻለው በልጁ እጅ ነው። የአባት መዳፍና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መዳፍ አንድ አይደለም። በጣም ወፍራሙ ከቨር ትልቁን ስልክ የበለጠ ያሰፋውና ትንሽ እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይጨብጠው ይቀራል፤ ጥበቃ የተባለው ነገር ራሱ መውደቂያ ይሆናል። ንጹህ ሲሊኮን እጅ ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ግን ኪስ ውስጥም ስለሚይዝ ስልኩን ሲስቡት አልወጣ ይላል፣ የጨርቅ ብናኝም ይሰበስባል። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንዱ ከቨር ሳሙና እንደተቀባ ነው። ልጁ በአንድ እጁ ይዞ በአውራ ጣቱ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ይሞክረው።

ሦስተኛው ልኩ ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው። የአይፎን 15 ከቨርና የአይፎን 15 ፕሮ ከቨር አንድ አይደሉም፤ የካሜራው ቦታና የስልኩ መጠን ይለያያል። በተለይ ከታላቅ ወደ ታናሽ የተላለፈ ስልክ ሲሆን «ያው አይፎን ነው»፣ «ያው ሳምሰንግ ነው» ብላችሁ አትሂዱ። ስልኩ ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ በሚለው ቦታ ሙሉ ስሙን አንብቡና ጻፉት። ከቨሩን ስታጠልቁለት የድምፁና የማብሪያው ቁልፍ ሳይጠነክር መጫን አለበት፤ የቻርጀሩ ገመድ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፤ ማዕዘኑን ስትጎትቱት በቀላሉ መውለቅ የለበትም። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፈውን መስተዋት ከገዛችሁም አብራችሁ ሞክሩት። የአንዳንዱ ከቨር ጠርዝ መስተዋቱን ገፍቶ ከዳር ያስነሳዋል። መስተዋቱ ጭረትና ፊት ለፊት የሚመጣ ምት ይቀንሳል፤ የማዕዘን ምትን ግን አያስቀርም፤ ስለዚህ የከቨር ምትክ አይደለም።

አራተኛው ሙቀትና ቻርጅ ነው። አፕል አይፎን ሥራ ላይ ሲሆን በዙሪያው ያለው ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይመክራል፤ በፋራናይት ከ32 እስከ 95 መሆኑ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ከቨሩ ምክንያት ከጋለም አውልቁት ይላል። ወፍራም ከቨር ሙቀት ያፍናል። ስለዚህ በጣም ከተሞቀ ማታ ማታ ሲሰካ ማውለቅ የሚቻል ከቨር ይሁን፤ በበጋም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ስልክ አይቀመጥ። ከቨር የብርድ ካፖርትም አይደለም። በጥር ውርጭ ስልኩ በድንገት ጥርቅም ብሎ ከጠፋ ባትሪው ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ከቨር መደረብ ሳይሆን ከውስጥ ኪስ መያዝ ነው። ያለ ገመድ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ብረት ያለበት ወይም እጅግ ወፍራም ጀርባ ያለው ከቨር ቻርጁን ያደናቅፋል።

እዚህ ላይ አያቶች አብረዋቸው ለሚኖሩ ቤቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ብዙዎቹ አዳዲስ ከቨሮች ጀርባቸው ውስጥ ክብ ማግኔት አላቸው። አፕል ማግሴፍ ያለውን ስልክና መለዋወጫ ከልብ ምት ማስተካከያ፣ ማለትም ከፔስሜከር፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ያለ ገመድ ቻርጅ እየተደረገ ከሆነም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። አያት ፔስሜከር ካላቸው ልጁ ስልኩን ይዞ ደረታቸው ላይ እንዳይተኛ፣ እሳቸውም ደረት ኪሳቸው እንዳይከቱት ንገሯቸው፤ ሐኪማቸውንም ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውንስ ምን እናድርገው? ብዙ ከቨር ላይ «ሚሊተሪ ግሬድ» የሚል ታያላችሁ። ሎውሪ ራሷ እስከ 1994 ድረስ የአየር ኃይል ሰፈር ነበረች፤ አሮጌው ሃንጋር ዛሬ የአውሮፕላን ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ግን ያን ጽሑፍ ስታዩ ወታደር መጥቶ የመረመረው አይምሰላችሁ። ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባል የአሜሪካ መከላከያ የፍተሻ መመሪያ አለ። በውስጡ ካሉት ፍተሻዎች አንዱ ዕቃውን ከ4 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም ከ1.22 ሜትር፣ 26 ጊዜ መጣል ነው፦ በ6ቱ ገጾች፣ በ12ቱ ጠርዞች፣ በ8ቱ ማዕዘኖች። ግን 26ቱ ውድቀቶች እስከ አምስት በሚደርሱ ናሙናዎች መካከል ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ የሚወድቁትም ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ ነው። ፍተሻውን የሚያደርገው አምራቹ ራሱ ወይም እሱ የከፈለው ላብራቶሪ ነው እንጂ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም አይመታበትም። ጽሑፉ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም፤ የልጃችሁን አስፋልት አያውቅም ማለታችን ነው። ከጽሑፉ ይልቅ ጠርዙን እዩ።

ስመ ጥር ምርት መግዛት የግድ ነው ወይ ለሚለውም መልሳችን አይደለም ነው። በዓለም የታወቀው ኦተርቦክስ እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ በ1998 የተመሠረተ ነው፤ ሥራውን የጀመረውም ውኃ የማያስገቡ ሣጥኖችን በመሥራት ነው። የጎረቤት ሥራ ብላችሁ ብትገዙት ደስ ይለናል። ግን የ20 ዶላሩም ከቨር አራቱን መስፈርቶች ካሟላ ይበቃል፤ የ60 ዶላሩም ካላሟላ ይቅር። ገበያውን ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። «ርካሽ ያስወጣል ጥሬ ካሽ» የሚባለው እውነት ቢሆንም ውድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ግልጽ የሆነውን ከቨር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፦ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእጅ ወዝ የተነሳ ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ቢጫ ይሆናሉ። ያኔ «አሮጌ ሆነብኝ» ቢል አትደነቁ።

የሚቃወሙን ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ «ኢንሹራንስ ገብተናል፣ ከቨር ምን ያደርጋል?» ትላላችሁ። ኢንሹራንስ ጥሩ ነው። አፕልኬር ፕላስ ያለው ሰው የአይፎን ስክሪን በ29 ዶላር ያስቀይራል። ግን ለኢንሹራንሱም በየጊዜው ይከፈላል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ ልጁም ስልኩ እስኪሠራ ድረስ ያለ ስልክ ይውላል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ «ይሰበርበትና ይማር» ትላላችሁ። ይህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም፤ እኛም ያደግነው የራሳችንን ዕቃ ራሳችን እንድንጠብቅ እየተነገረን ነው። ግን ስልክ እንደ እርሳስ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ስልኩን የገዛችሁት ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እንዲደውልላችሁ፣ በረዶ ጥሎ አውቶቡስ ሲቀር እንዲያገኛችሁ ነው። ስክሪኑ ሲሞት የሚቋረጠው ጨዋታው ብቻ ሳይሆን በእናንተና በእሱ መካከል ያለው መስመር ነው። የተሰነጠቀ መስተዋት ጣት ይቆርጣል። ሒሳቡንም የሚከፍለው ልጁ ሳይሆን እናንተ ናችሁ፤ ታዲያ ማን ተማረ? ልጅ ኃላፊነትን የሚማረው ዕቃ ሲሰበርበት ብቻ አይደለም፤ ሳይሰበር እንዲቆይ ሲያደርግና ያ ሲነገርለትም ይማራል። የመረጠው ከቨር ስልኩን አንዴ ሲያድንለት «የራሴ ምርጫ ነው» ይላል። አባቱ የገዛለት ቢያድነው ግን ምስጋናው ለአባቱ ነው፣ ከቨሩም አሁንም የአባቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከአማርኛ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ የመጨረሻው ምክንያታችን ይኸው። ልጆቻችን ቅዳሜ የሚማሩትን ቃል በሳምንቱ ውስጥ የሚጠቀሙበት ቦታ ያጣሉ። «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አድርግ» ከሚሉት ያለፈ ወሬ በአማርኛ የማይሰማ ልጅ ብዙ ነው። ከቨር መምረጥ ግን ልጁ ራሱ የሚፈልገው ወሬ ነው፤ ለምኖ ያወራል። ጠርዝ፣ ማዕዘን፣ ጀርባ፣ ስስ፣ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ያዳልጣል፣ ይላላል። እነዚህን ሁሉ በእጁ እየነካ ይላቸዋል። ለምን ይህኛው ከዚያኛው እንደሚሻል በአማርኛ ያስረዳችሁ፤ ካሳመናችሁ ይገዛለት። ቃል ሲጠፋው አቀብሉት እንጂ ወደ እንግሊዝኛ አትሽሹ።

አንዲት ደስ የምትል የቃል ጨዋታም አለች። «ይጠብቃል» ብላችሁ ጻፉለት። «ብ» ላልታ ስትነበብ አይላላም፣ ጥብቅ ነው ማለት ነው። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ ይከላከላል፣ ይንከባከባል ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለያያቸው ድምፁ ብቻ ነው። ልጁ ሁለቱን ካነበበ በኋላ ጠይቁት፦ «ይሄ ከቨር የትኛውን ያደርጋል?» ጥሩ ከቨር ሁለቱንም ያደርጋል።

ስለዚህ ልመናችን ቀላል ነው። ስልኩን ስትገዙ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ለከቨር የሚሆን ገንዘብ ለዩ። አራቱን መስፈርቶች በወረቀት ጻፉ፤ ልጁ ማንበብ ከቻለ በአማርኛ ጻፉለት። ኢንተርኔት ላይ ከማዘዝ ይልቅ መነካት የሚቻልበት ሱቅ አብራችሁ ሂዱ። መስፈርቱን ያሟሉትን ሁለት ሦስት ከቨሮች ለይታችሁ አስቀምጡና ዝም በሉ። ቀለሙ ዓይናችሁን ቢወጋችሁም፣ ሮዝ ቢሆን አረንጓዴ፣ የካርቱን ሥዕል ቢኖረው፣ ምርጫው የእሱ ወይም የእሷ ይሁን። እናንተ ጠርዙን አይታችኋል፤ ያ ይበቃችኋል።

በአክብሮት፣
የቅዳሜ አማርኛ ክፍል የበጎ ፈቃድ መምህራን፣ ሎውሪ